ከካሶስ ካርፓቶስ፣ አምስት ደቂቃ ወይስ ዘጠኝ

ሴቫስቲ የአክስቴ ልጅ ናት። እኔ በደሴታችን በካሶስ ታክሲ ነጂ ነኝ፤ እሷ ደግሞ የካሶስ አየር ማረፊያ ነበረች። ሠራተኛው ነበረች ማለቴ አይደለም፤ አየር ማረፊያው ራሱ እሷ ነበረች። ትኬት የምታየው እሷ፣ ሻንጣ የምትመዝነው እሷ፣ የነፋሱን ኃይል ለአብራሪው በሬዲዮ የምትነግረው እሷ፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል የሰፈሩን ፍየሎች ከማኮብኮቢያው ላይ በጃንጥላ የምታባርረው እሷ። ሁለት ክፍል ያላት ቤት፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ስልክና አንድ ጃንጥላ፤ በቃ አየር ማረፊያችን ይኸው ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ የአቴና ሰው ኮቱን ክንዱ ላይ አጣጥፎ መጣና፣ «እመቤቴ፣ እስከ ካርፓቶስ በሚወስደው በረራ ላይ የሚበላ ነገር አለ?» አላት።

«ከረሜላ አለ» አለችው። «ግን ወረቀቱን እዚሁ ልጠው ይግቡ፤ እዚያ ላይ ጊዜ አይበቃዎትም።»

ሰውየው ሳቀ። እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም። ካርፓቶስ ከእኛ ደጅ ቆሞ ከሚያየን ደሴት ሌላ አይደለም። በመርከብ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ባሕሩ ከተቆጣ ደግሞ እመቤታችን ታውቃለች። በትንሿ አውሮፕላን ግን አምስት ደቂቃ ነው። ይህን አምስት የሚለውን ቃል ሴቫስቲ ፊት የተጠራጠረ ሰው ሻንጣው ሁለት ጊዜ ይመዘን ነበር።

ሰዓት መቁጠሩን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ካፒቴን ፔሪክሊስ አርባ ዓመት በባሕር ላይ ኖረው ጡረታ ወጥተው ሲመለሱ፣ ያልተመለሰው ልባቸው ብቻ ነበር። ቤታቸውን እንደ መርከብ ያስተዳድሩት ጀመር። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የመርከብ ሰዓት ሰቅለው፣ ጠረጴዛው ላይ መዝገብ ዘርግተው፣ የሆነውን ሁሉ ይጽፋሉ፦ «ምሳ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ቀረበ። ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ። ጎረቤት መጥታ ስኳር ተበድራ ሄደች።» ሚስታቸው ቀድመው አርፈዋልና ሴቫስቲ በዚያ መዝገብ መሐል አደገች። ፊደል ሳትጨርስ ሰዓትና ደቂቃ መጻፍ ቻለች።

በአየር ማረፊያው ሥራ ስትይዝ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ አልወደዱላትም። «እዚህ ካለ ካርፓቶስ ለመሄድ ወደ ሰማይ መውጣት ምን ይሉታል?» አሉ። «ለማዶው ጎረቤት ሰላም ለማለት ጣሪያ ላይ እንደ መውጣት ነው።» እሷ ግን ጸጉሯን አስራ፣ ባጅዋን ለጥፋ ወጣች።

ሥራው እንዲህ ነበር። አውሮፕላኑ ከእኛ ሲነሣ ሴቫስቲ ካርፓቶስ ትደውላለች። «ተነሥቷል፣ አቶ ኒኪታስ» ትላለች። ወዲያ ማዶ ድምፁ ወፍራም፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው፣ «ተነሥቷል፣ ወይዘሪት ሴቫስቲ» ብሎ ይደግምና ይጽፋል። ሲያርፍ ደግሞ እሱ ይደውላል፤ «ደርሷል» ይላል። «ደርሷል» ብላ እሷም ትጽፋለች። አውሮፕላኑ ሲመለስ ነገሩ ይገለበጣል። ስምንት ዓመት እንዲህ ተነጋገሩ። በስምንት ዓመት ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ጠቡን ያመጣው የመድረሻው ደቂቃ ነው። ለሴቫስቲ አውሮፕላን ደረሰ የሚባለው ጎማው መሬት ሲነካ ነው። ለኒኪታስ ግን ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ የመጀመሪያው መንገደኛ እግሩን መሬት ላይ ሲያሳርፍ ነው። ስለዚህ በእሷ መዝገብ አምስት ደቂቃ የሆነው መንገድ በእሱ መዝገብ ዘጠኝ ይሆናል።

«አቶ ኒኪታስ፣ አምስት ነው» ትለዋለች።

«ሰው ሳይወርድ ደረሰ አይባልም፣ ወይዘሪት ሴቫስቲ።»

«እንግዲያው እግሩን የሚያመው ሽማግሌ ተሳፍሮ ቀስ እያለ ቢወርድ፣ አውሮፕላኑ ዘገየ ሊሉ ነው?»

«እሱን አላሰብኩበትም። ላስብበትና ነገ እነግርዎታለሁ» ይላል።

አስቦበት ይነግራታል፤ የሚገርመው ይኼ ነው። በማግስቱ ደውሎ ስለ ሽማግሌው እግር ያሰበውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስረዳታል። እሷም የማትቀበልበትን ምክንያት ትነግረዋለች። እሱ ደግሞ ይህንንም ላስብበት ይላል። የአንድ ቃል መልእክት የነበረው ስልክ ቀስ በቀስ ሩብ ሰዓት ሆነ። እኔ ታክሲዬን ደጅ አቁሜ መንገደኛ ስጠብቅ እሰማለሁ። ቡና ቤት ስገባ ደግሞ የሰማሁትን አላስቀርም፤ ታክሲ ነጂ ነኝ እንጂ መነኩሴ አይደለሁም።

አንድ ቀን ሴቫስቲ የአባቷን የባሕር መነጽር ይዛ ሥራ መጣች። አየሩ ጥርት ሲል የካርፓቶስ አየር ማረፊያ ከእኛ ይታያል። አውሮፕላኑ ተነሣ፤ ደወለች፤ በአንድ እጇ ስልኩን፣ በአንድ እጇ መነጽሩን ይዛ መስኮቱ ላይ ቆመች። እንዳረፈ፣ «በል ደርሷል፣ ጻፍ» አለችው። እሱ ገና ነው አላት። «ምን ገና ነው! እያየሁት እኮ ነው። አንተ ከወንበርህ ሳትነሣ፣ አውሮፕላኑ ፊትህ ቆሞ፣ ገና ነው ትላለህ?»

ወዲያው ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ስምንት ዓመት «እርስዎ» ያለችውን ሰው «አንተ» ብላዋለቻ።

በማግስቱ ስልኩ ሲጮህ እኔ እዚያው ነበርኩ። በዚያ ወፍራም ድምፅ፣ «ተነሥቷል፣ ሴቫስቲ» አለ። «ወይዘሪት» የሚለውን ቃል ባሕር ውስጥ ጥሎታል። እኔም ቡና ቤት ስደርስ ይህንኑ ተናገርኩ። በሚቀጥለው እሑድ በክርስትና ድግስ ላይ ሊራ የምንለውን መሰንቆ የሚመታልን ሰው ሴቫስቲን አየት አደረገና እንዲህ አለ፦

«የካሶስ አውሮፕላን ምን ይጣደፋል፣
ሴቫስቲ ነግራው ነው፣ ሰው ይጠብቃል።»

በእኛ ዘንድ በግጥም የተነካ ሰው በግጥም ይመልሳል እንጂ አይቆጣም። ሴቫስቲ ግን ሳህኗን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ያኔ ነገሩ የምር መሆኑን ሁላችንም አወቅን።

በዚያ ዓመት በሐምሌ አቴና ካለው መሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ መጣ። «በአንድ መዝገብ አምስት፣ በሌላው ዘጠኝ ደቂቃ የሚል አግኝተናል። ትክክለኛውን አጣርታችሁ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁ በአንድ ወረቀት ላኩልን» ይላል። ሁለቱ ሦስት ሳምንት ተከራከሩ። አንዱ ተሳፍሮ ከሌላው ጋር አብሮ መቁጠር እንዳለበት ተስማሙ፤ ማን እንደሚሳፈር ግን አልተስማሙም። እሷ «አንተ ና» ትላለች፤ እሱ «ላስብበት» ይላል።

በመጨረሻ ካፒቴኑ እራት ላይ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ያ ሰው አስቦ እስኪጨርስ አንቺ ታረጂያለሽ» አሏት። ከደረት ኪሳቸው የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይህ ሰዓት በአርባ ዓመት አንድ ደቂቃ አልዋሸም። ይዘሽው ሂጂ።»

ነሐሴ ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሴቫስቲንና ካፒቴኑን በታክሲዬ ወስጄ አየር ማረፊያው አደረስኳቸው። ነፋሱ ከሌሊት ጀምሮ ሲያፏጭ ነበር፤ ነሐሴ ላይ እንዲያ ነው፤ ማንም ልብ አላለው። ሴቫስቲ አዲስ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች።

«የደንብ ልብስሽስ?» አልኳት።

«ታጥቦ አልደረቀም።»

«በዚህ ነፋስ?»

«መንገዱን እይ፣ ሚናስ።»

ጉልበቷ ላይ የወይን ቅጠል ጥቅል የሞላ ሳጥን ይዛለች፤ የኛን ዓይነት፣ አንዱ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማይበልጠውን። ሦስት ቀን ሙሉ ስትጠቀልል ነው የከረመችው። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት «ለካርፓቶስ አየር ማረፊያ ሠራተኞች» አለች። ሠራተኞቹ አራት ናቸው፤ ሳጥኑ ግን አንድ ሰው በደንብ ቢራብ የሚያጠግብ ነበር።

የእሷን ቦታ የሚይዝ ሰው ስላልነበረ፣ አቴናን አስፈቅዳ ስልኩን ለእኔ አስረከበችኝ። «ሲነሣ ደውለህ ተነሥቷል በል። ሌላ ቃል እንዳትጨምር» አለችኝ።

አውሮፕላኑ ተነሣ። ደወልኩ። «ተነሥቷል» አልኩት ኒኪታስን። እሱም «ተነሥቷል» አለ። መዝጋት ነበረብኝ፤ አፌ ግን እሺ አላለኝም። «ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች» አልኩት።

ወዲያ ማዶ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሴቫስቲ ናት የነገረችን። ሰዓቱን መዳፏ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፤ ባሕሩ ከታች ነጭ በነጭ ሆኗል። በአራተኛው ደቂቃ መንኰራኩሩ ወረደ። በአምስተኛው ደቂቃ ማኮብኮቢያው ላይ ደረሱ፤ ላዩ ላይ ማለቷ ነው። ነፋሱ ከጎን መታቸውና አብራሪው አውሮፕላኑን መልሶ ወደ ላይ አነሣው። ሴቫስቲ በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ከሕንፃው ፊት አንድ ሰው ቆሟል፤ በአንድ እጁ ሰዓት ይዟል፤ በሌላው ባርኔጣውን። ዞረው እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና አልሆነም። ሰውየው በዚያ ሁሉ ነፋስ ከቦታው አልተነቃነቀም። ለሦስተኛ ጊዜ በላዩ ሲያልፉ ባርኔጣውን ለቅቆ እጁን አወዛወዘላት። ባርኔጣው ወደ ባሕሩ ሄደ። አውሮፕላኑ ደግሞ ወደ ሮድስ ሄደ።

በሮድስም ነፋሱ አልበረደም። ማክሰኞ ከሰዓት በረራ ተሰረዘ፤ ረቡዕም ተሰረዘ። መርከቦቹም ወደብ ላይ ታሰሩ። ሴቫስቲ በአንድ ቀሚስ፣ በአንድ ሳጥንና በአንድ ሰዓት ሮድስ ላይ ቀረች። የወይን ቅጠሉን ጥቅል ከመበላሸቱ በፊት አብረዋት ለተሳፈሩት መንገደኞች አደለችው፤ ጥርሷን እየነከሰች።

እኛ ዘንድ ደግሞ ስልኩ ዕረፍት አጣ። ኒኪታስ በየሰዓቱ ይደውላል። ካፒቴን ፔሪክሊስ ሁለት ቀን ከአየር ማረፊያው አልጠፉም፤ በልጃቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ባሕሩን ያያሉ። ረቡዕ ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ከእጄ ነጠቁኝ።

«አንተ ነህ ኒኪታስ የምትባለው?»

«አዎ፣ ካፒቴን።»

«ልጄ አምስት ደቂቃ ብላኝ ነው የወጣችው።»

«እኔ ዘጠኝ ብያት ነበር፣ ካፒቴን።»

ካፒቴኑ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና እኔን አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ባሕር ከለቀቁ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። «ስማ» አሉት፤ «የሮድሱ መርከብ ነገ ይንቀሳቀሳል፤ የነፋሱን ጠባይ አውቃለሁ። ከዚያ መርከብ ስትወርድ ወደብ ላይ ካላገኘችህ፣ በመዝገቤ እጽፍሃለሁ።»

እንዳሉትም መርከቡ ሐሙስ ተንቀሳቀሰ፤ ሐሙስ ከሰዓት ካርፓቶስ ወደብ ገባ። ኒኪታስ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ቆሞ ነበር። ሴቫስቲ በስልክ ድምፁ የሳለችው ረጅም፣ ወፍራም፣ ጢማም ሰው ነበር። ያገኘችው ግን አጠር ቀጠን ያለ፣ ጆሮው ትልልቅ፣ አናቱ በፀሐይ የተቃጠለ ሰው ነው፤ ባርኔጣ የለውማ። እሱም ያያት ቀሚሷ የተጨማደደ፣ ባሕር አናውጦ ፊቷን ያገረጣ፣ ባዶ ሳጥን ያቀፈች ሴት ነው።

ደረጃውን ወርዳ ፊቱ ቆመች። «ጻፍ» አለችው።

«ስንት ብዬ?»

«ሁለት ቀን ከስድስት ሰዓት።»

አሰበበት። «መርከቡ ወደቡን ሲነካ ነው ወይስ አንቺ ስትወርጂ?» አላት።

ሴቫስቲ ወደብ መሐል፣ በተጠቀለለ የመርከብ ገመድ ላይ ቁጭ ብላ እስክትነፈርቅ ሳቀች። ድካም ነው ትላለች እሷ። እሱም አጠገቧ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ እኔም ስላልተነገረኝ አሁንም ቅር ይለኛል።

ለአቴና የተላከው ወረቀት ላይ ሰባት ደቂቃ ተብሎ የሁለቱ ፊርማ አረፈበት። ሁለቱም ሰባት የሚባል ነገር ፈጽሞ ውሸት እንደሆነ ይናገራሉ።

በተከታዩ ዓመት ከፋሲካ በኋላ እዚህ ካሶስ ተጋቡ። ሙሽራው በመርከብ መጣ። ሊራ መቺው ይህን ቀን ሲጠብቅ ከርሞ ነበርና፣ ሙሽሪት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ተቀበላት፦

«አምስት ደቂቃ ነው አለች ወይዘሪቷ፣
ስምንት ዓመት ፈጀ ደጁ ድረስ መምጣቷ።»

አሁን ግን ሴቫስቲ ወደ ወጥ ቤት አልገባችም። ቆማ ሰማችው፤ መልሳም ገጠመችለት። የመለሰችውን እዚህ አልጽፈውም፤ ሚስቱ አሁንም በሕይወት አለች።

ከተጋቡ በኋላ ግን ማን ወደ ማን ይሂድ? ሴቫስቲ አባቴን ጥዬ አልሄድም አለች። ኒኪታስ ንቦች አሉት፤ አርባ ቀፎ። ስለዚህ ሁለቱም በየአየር ማረፊያቸው ቀሩ። ዓርብ ማታ አንዱ ይሻገራል፤ ሰኞ ጠዋት ይመለሳል። በሥራ ቀን ደግሞ እንደ ድሮው ይደዋወላሉ። ተነሥቷል፤ ደርሷል፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት ስለ ምሳና ስለ ልብስ፣ በኋላም ስለ ልጃቸው ጥርስ። ሴት ልጃቸው ሦስት ዓመት እስኪሞላት አባቷ ስልኩ ውስጥ የሚኖር ይመስላት ነበር።

አንድ የካቲት ጠዋት ካፒቴን ፔሪክሊስ መዝገባቸው ላይ እየጻፉ ሳለ ደረታቸውን ይዘው ተደፉ። የኛ ሐኪም አይቷቸው ካርፓቶስ ካለው ሐኪም ቤት መድረስ አለባቸው አለ። መርከብ የለም። ትንሿ አውሮፕላን ግን ልትመጣ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷታል። እኔ በታክሲዬ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝቼ አመጣኋቸው። ሴቫስቲ ማኮብኮቢያው ላይ ቆማ ነበር፤ ጃንጥላዋን እንኳ አልያዘችም። አባቷ እጇን ይዘው፣ «አምስት ነው ብለሻል» አሏት፤ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «አምስት ነው፣ አባዬ» አለች።

አብራ መሄድ አልቻለችም፤ አየር ማረፊያው እሷ ናትና፣ እንደዚያ ነሐሴ አቴናን ሳታስፈቅድ ለእኔ ጥላው መሄድ አይፈቀድላትም። በሩ ተዘጋ፤ አውሮፕላኑ ተነሣ። ስልኩን አነሣች። አፏን ከፈተች፤ ቃል አልወጣትም። ኒኪታስ ወዲያ ማዶ ሆኖ፣ «አውቄያለሁ፣ ሴቫስቲ፤ ሐኪማችሁ ደውሏል። አምቡላንሱ ደጅ ቆሟል። እኔም እየወጣሁ ነው» አላት። የዚያን ቀን መዝገብ ሄዳችሁ ብታዩ የመነሻው ቦታ ባዶ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በጻፈችው መዝገብ ውስጥ ያ መስመር ብቻ ነው ባዶ።

ካፒቴኑ ዳኑ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ፤ አራቱንም ዓመት ስለዚያ በረራ አማረሩ። «ተኛሁ፤ ዓይኔን ገለጥኩ፤ አለቀ። ባሕሩን እንኳ አላሳዩኝም። ይሄ ጉዞ ይባላል?» ይሉ ነበር። ሆኖም አማቻቸውን ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄ» እንጂ «ያ ሰው» ብለው አልጠሩትም።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ሴቫስቲ ብቻዋን ቤቱን መጠበቅ ከበዳት። ኒኪታስ አንድ ወር ሙሉ አሰበበት፤ ከዚያ ሥራውን ለቀቀና አርባውን ቀፎ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ጭኖ መጣ። ከጀልባው ያወረድኩለት እኔ ነኝ፤ ሰባት ቦታ ተነድፌያለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ንቦቹ አበባ እየፈለጉ ያለቅጥ ይዞሩ ነበር፤ ኒኪታስም ከኋላቸው። የእኛ ደሴት ድንጋይ ነው፤ የካርፓቶስን ያህል ጥሻ የለንም።

አሁን ሁለቱም ጡረታ ወጥተዋል። ልጃቸው በመርከብ ላይ መኰንን ናት፤ ካፒቴኑ በሕይወት ቢኖሩ ለኩራታቸው መዝገቡ ይጠባቸው ነበር። ኒኪታስ በየመኸሩ ማሩን ቀምሶ ራሱን ይነቀንቃል። «ቀጭን ነው» ይላል። ሴቫስቲም፣ «ንቦቹ ናቸው የሰነፉት፤ ባለቤታቸውን መሰሉ» ትለዋለች። እሱም ማንኪያውን እየላሰ፣ ነገሩን እንደሚያስብበት ይነግራታል።